አራተኛው ጠርዝ

እናትና ልጅ ቤት ድረስ የመጣችው ባለሱቅ የሐር ሻርፑን ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ አውራ ጣቷን በጠርዙ ላይ ማስኬድ ጀመረች። ሻርፑን የሠራው ስመ ጥር የፋሽን ቤት ነው። አሮጌ ሻርፕ እየሰበሰበች የምትሸጠው ልጅ ስታገኘው ግን ከአራቱ ጠርዞች አንዱ ተተርትሮ ነበር፤ በእጇ ጠቅልላ መልሳ የሰፋችው እናቷ ናት። ልጅቷም ይህን አልደበቀችም።

«የተጠገነ አልገዛም» አለች ባለሱቋ። «የቱ ጋ እንደሆነ ካገኘሁት ጥዬው ነው የምሄደው።»

«ይሁን እትዬ፣ ይፈልጉት» አለች ልጅቷ አፏን ሞልታ። እናቷ ጥግ ላይ ተቀምጣ ቀሚስ እየጠቀመች ነበር፤ ቀና እንኳ አላለችም።

የባለሱቋ ጣት ሦስቱን ጠርዝ አልፎ አራተኛው ላይ ቆመ። «ይኸው! ስፌቱ ተራርቋል፣ ደግሞም ይሻክራል። እኔን ልታሞኙ ነው?»

ልጅቷ አፏን ስትከፍት እናቷ ቀደመቻት።

«እሱስ የሠሪዎቹ ስፌት ነው፣ እህቴ» አለች ክሩን እየቋጠረች። «የኔ ፊት ለፊቱ ያለው ነው። ቅር ካለሽ የነሱንም አስተካክልልሻለሁ።»

ባለሱቋ ሳቋ አመለጣት፤ ሻርፑን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ልጅቷ ዋጋ መጥራቱን ረስታ እናቷን ታይ ነበር።