ከነሆዱ

ጫሞ ሐይቅ ላይ፣ የአዞ ገበያ በሚባለው ዳርቻ፣ ባለጀልባው ሞተሩን አጠፋ። ትልቁ አዞ አሸዋው ላይ ተዘርግቶ ፀሐይ ይሞቃል። ፎቶ አንሺው ረጅሙን ሌንስ እየገጠመ ለጎብኚዎች ሁልጊዜ የሚላትን ደገማት።

«ከዚህ በላይ አንቀርብም። አዞ ካልደረሱበት አይደርስም።»

ጎብኚዎቹ ሁሉ የፈለጉት አዞው አፉን ሲከፍት እንዲያነሳላቸው ነው። ከኋላ ብቻቸውን የተቀመጡት፣ ጥቁር የለበሱት ሴትዮ ግን የፎቶ አንሺውን ትከሻ ነካ አደረጉ።

«ልጄ፣ ለእኔ ሆዱን አንሳልኝ።»

«ሆዱ ምን ያምራል፣ እማማ? ጥርሱን ላንሳልዎት። ሳሎን ቢሰቅሉት የመጣ እንግዳ ሁሉ ያወራልዎታል።»

«ጥርሱን ተወው። ሆዱ በደንብ ይታይ።»

ሳቅ አለና ወደ ሌሎቹ ዞሮ ጠቀሰ። ባለጀልባው አልሳቀም፤ ፊቱን ወደ ውሃው መለሰ።

ፎቶ አንሺው እንዳሉት አነሳና ካሜራውን አሳያቸው። ሴትዮዋ ምስሉን ለረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያም ጎንበስ ብለው አማተቡ።

«በትልቁ እጠብልኝ። ለእሁድ ይድረስልኝ።»

«እሁድ ምን አለ?»

«የልጄ አርባ ነው። ዓሣ ሊያጠምድ ወጥቶ የተመለሰችው ታንኳው ብቻ ናት። ዘመድ ከሩቅ አገር ይመጣል፤ መቃብሩ የት ነው ሲሉኝ የማሳያቸው ይኑረኝ ብዬ ነው።»