የባለ ሥጋ ቤቱ ሐሙስ

አሳምነው ሴንት ፖል ውስጥ ሥጋ ቤት አለው። ከሮዝቪል እስከ ሆፕኪንስ ያለ ሐበሻ ቁርጥ ሲያምረው መኪናውን የሚያስነሳው ወደዚያ ነው። አሳምነው ራሱ ቆርጦ ያቀርባል፤ ከእንግዳው ጋር ይቀመጣል፤ አዋዜ እየነከረ ያጎርሳል። በጉርሻ የሚያህለው የለም። ሚስቱ የሺሀረግ ጓዳውን ትይዛለች። ጥብሷ ስም ያለው ነው። «ነይ እንጂ፣ አብረን እንብላ» ሲሏት «እዚያው ስቀምስ ጠገብኩ» ትልና ትመለሳለች።

በትዳር ሃያ ሁለት ዓመት ኖረዋል። ጎረቤት የሰማው ጠብ የለም።

በጥቅምት ግን የሺሀረግ አንድ ነገር አስተዋለች። ባሏ ሐሙስ ሐሙስ በምሳ ሰዓት «ዕቃ ላመጣ» ብሎ ይወጣል። ሲመለስ ዕቃ የለም። እያፏጨ ይገባል፤ እራት ሲቀርብለት «ደክሞኛል» ብሎ ይተኛል።

አንድ ሐሙስ ማታ ጃኬቱን አንስታ አሸተተችው። ሎሚና የወይራ ዘይት ሸተታት። ኪሱ ውስጥ ሰማያዊ ናፕኪን አገኘች፤ ጥጉ ላይ ነጫጭ ቤቶችና ባሕር ታትመውበታል። የሺሀረግ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አለች። ፊቷ አመድ መሰለ።

በማግስቱ ጓደኛዋ ቲጂ ሻይ ልትጠጣ መጣችና ናፕኪኑን ጠረጴዛው ላይ አየችው። የሺሀረግ ከየት እንደመጣ ከመናገር ሌላ ምርጫ አልነበራትም።

«ሴት ናት» አለች ቲጂ።

«ሴት ላይሆን ይችላል።»

«ታዲያ ምንድን ነው? ባሕር ነው?» ቲጂ ናፕኪኑን አገላብጣ አነበበች። «ይሄ እኮ ሲዋርድ ሰፈር ያለው የግሪኮች ምግብ ቤት ነው። ቬጂቴሪያን ነው፤ ሥጋ የሚባል በደጁ አያልፍም። ሐሙስ ምን ጾም አለና ባለ ሥጋ ቤት እዚያ ይሄዳል? የሚያውቀው ሰው እንዳያየው ነው እንጂ!»

«እሱስ እውነትሽን ነው» አለች የሺሀረግ ቀስ ብላ። «ሐበሻ ዝር አይልበትም።»

«የፊታችን ሐሙስ ፎሎው እናደርገዋለን።»

«ይቅርብኝ ቲጂዬ። ትዳሬን በገዛ እጄ አላፈርስም።»

«አንቺ ዝም ብለሽ ቁጭ በይ፤ ድራይቭ የማደርገው እኔ ነኝ።»

ሐሙስ ደረሰ። የሺሀረግ ጥቁር መነጽር አድርጋ፣ ሻርፕ እስከ ቅንድቧ ተከናንባ መኪናው ውስጥ ገባች። ቲጂ አይታ ሳቀች። «ሰላይ መሰልሽ!»

የሺሀረግ አልሳቀችም። ሲዋርድ ሲደርሱ፣ መንገድ የሚመራቸው ስልክ ገና ሳይናገር «ወደ ግራ» አለች። «ከፊት ለፊት ፓርኪንግ አይገኝም፤ በኋላ በኩል ዙሪ።»

በኋላ በኩል ዞሩ። ቦታ ነበር። የአሳምነው መኪናም ነበር።

በመስኮት ተመለከቱ። አሳምነው ጥግ ላይ ተቀምጧል። ፊት ለፊቱ አንዲት ሴት ሁለት እጆቹን ይዛ ትስቃለች።

«አየሽ! እጁን ይዛዋለች!»

«ቲጂ፣ ሴትዮዋ እኮ ሰባ ዓመት ይሆናታል።»

«ይሄማ የባሰ ነው!»

«በቃ፣ አየን አይደል። እንሂድ። ብርዱ ገደለኝ።»

ቲጂ ግን እጅጌዋን ይዛ ጎተተቻት። በሩን ከፍተው ሲገቡ ሽበታሟ ሴት ወደ ኩሽና ገብታ ነበር። የሺሀረግ ከቲጂ ጀርባ ተለጥፋ፣ አንገቷን ደፍታ ተከተለች።

«አሳምነው!» አለች ቲጂ።

ሹካው ከእጁ ወደቀ። «የሺ?»

«ሴትዮዋ ማን ናት?» አለች ቲጂ ቀድማ።

«የቤቱ ባለቤት ናት። ከግሪክ ደሴት የመጣች ናት። የወይን ቅጠል አጠቃለል እያሳየችኝ ነበር።»

«አንተስ እዚህ ምን ትሠራለህ?»

አሳምነው አቀረቀረ። ፊቱ ያለው ሳህን በቲማቲም በተሠራ ነጭ ባቄላ የተሞላ ነው። «እበላለሁ» አለ። «ሥጋ ከተውኩ ሦስት ዓመቴ ነው።»

«ውሸታም! ስትበላ በዓይኔ አይቻለሁ።»

«ሳጎርስ ነው ያየሽኝ።»

 ቲጂ ሲያኝክ ያየችበትን ቀን ፈለገች፤ አጣችው።

«እርሻው ጋ ሰንጋ ልመርጥ ሄጄ፣ አንዱ መጥቶ እጄን ላሰኝ» አለ አሳምነው። «እንደ ሕፃን ልጅ። ከዚያ ወዲያ ሥጋ አልወርድልኝ አለ።» ወደ ሚስቱ ዞረ። ዓይኑ እንባ አቅርሯል። «ሥጋ የማይበላ ሥጋ ሻጭ ማን ያምናል? ይሄ ከተሰማ ቤታችን ይዘጋል። የበለጠ የፈራሁት ግን አንቺን ነው፣ የሺ። ያንን የመሰለ ጥብስ የምትሠራ ሴት በቅጠል ከሚኖር ሰው ጋር እንዴት ትኖራለች ብዬ…»

«አልተውህም» አለች የሺሀረግ። መነጽሯን አላወለቀችም። «ተነስ፣ ቤት ሄደን እናወራለን። አሁኑኑ።»

«የምን ቤት!» ቲጂ ጠረጴዛውን መታች። «ሦስት ዓመት ሙሉ! ደግሞ ማንን? ይቺን ሆዷን ከፍታ የምትሰጥህን፣ አንድ ነገር የማትደብቅህን ሴት!»

«ተይው ቲጂ፣ ተይው» አለች የሺሀረግ፤ ባሏን በክንዱ ይዛ ወደ በሩ መጎተት ጀመረች።

አሳምነው አለቀሰ። እንዲህ ያለች ሚስት የሰጠውን አምላክ አመሰገነ። ቲጂ እንኳ ዓይኗን ጠረገች።

የኩሽናው በር ተከፈተ። ሽበታሟ ሴት ትኩስ የደበርጃን ሳህን ይዛ ወጣች፤ ሻርፑንና መነጽሩን አየት አደረገችና ሳህኑን አስቀምጣ እጆቿን ዘረጋች።

«የሺ፣ የኔ ቆንጆ! አንቺ የማክሰኞ ደንበኛዬ አልነበርሽም እንዴ?»