ጥሬ ነው፣ ይለፍ

ቆዳ ነጋዴውን ኢድሪስ የሚባለው የጎረቤት አገር ጉምሩከኛ የሰደበው በዳግማይ ትንሣኤ ማግስት፣ ሰኞ ረፋድ ላይ ነበር። ቆዳ የጫነችውን አይሱዙ ኬላው ላይ አስቁሞ፣ ቆዳውን ዳሰስ፣ እሱንም ከእግር እስከ ራሱ አየት አደረገና ለባልደረባው፣ «ጥሬ ነው፣ ይለፍ» አለ። ባልደረባው ከት ብሎ ሳቀ። ጥሬ! ያልበሰለ፣ መሃይም! ከአራተኛ ክፍል ላላለፈ ሰው ቃሏ እንደ እሾህ ተሰክታ ቀረች።

ከዓመታት በኋላ የኢድሪስ አገር ሁለቱ አገሮች ከነበሩበት የኢኮኖሚ ኅብረት ወጣች። ድንበሩ ተዘጋ፤ የነጋዴው ቆዳ ኬላው ላይ መሽተት ጀመረ። ለአዲስ የንግድ ውል ድርድር የቆዳ ነጋዴዎች እሱን ወከሉ፤ ያለ እሱ ፊርማ ውሉ አይጸናም። ከጠረጴዛው ማዶ የተቀመጠው፣ ጸጉሩ ሸብቶ፣ ያው ኢድሪስ ነው።

«ቆዳችሁ ያለቀረጥ ይግባ፤ የጨው ምርታችንን ደግሞ እናንተ አስገቡልን» አለ ኢድሪስ።

«ጥሬ ሰው አይፈርምም!» ብሎ ነጋዴው ተነሣ። ስብሰባው ተበተነ።

ኢድሪስ በር ላይ ደረሰበት። «ምን በደልኩህ ወንድሜ?»

«"ጥሬ ነው፣ ይለፍ" ብለህ አልሰደብከኝም? ያኔ፣ አይሱዙዬን ኬላው ላይ አስቁመህ?»

ኢድሪስ ግንባሩን አሸት አሸት አደረገና አስታወሰ። «ቆዳውን እኮ ነው! ተፍቆ ያለቀለት፣ የለፋ ቆዳ ነበር የጫንከው። የለፋ ይቀረጣል፤ ጥሬው በነፃ ያልፋል። የለበስከውን ቡትቶ አይቼ አሳዘንከኝና ዋሸሁልህ። ጓደኛዬም የሳቀው በውሸቴ ነው።»

ደጅ የሚጠብቁት ነጋዴዎች ወኪላቸውን ከበቡት።

«እህሳ ጋሼ፣ ተፈረመ?»

አቀርቅሮ በመሃላቸው አለፈ።