ሦስት ምስክር

የዚህችን ከተማ ግማሽ ሕዝብ ነዋሪ ያደረግሁት እኔ ነኝ። ግማሽ ስል ቆጥቤ ነው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ቀበሌው በር ላይ ቆሜ፣ ከየገጠሩ ለመጣው ሁሉ «አውቀዋለሁ፣ ነዋሪ ነው» እያልሁ ፈርሜያለሁ። አንዳንዱን ያየሁት የዚያኑ ዕለት ነበር።

ዘንድሮ አዲሱ የቀበሌ ጸሐፊ የእኔን ማኅደር ፈልጎ አጣው።

«ማኅደር የሌለው ነዋሪ አይደለም፣ ጋሼ። እስከ ዓርብ ሦስት ምስክር ካላመጡ የቀበሌ ቤትዎ ይታሸጋል።»

«ሦስት ብቻ? ሦስት ሺህ ላሰልፍልህ?» አልሁት። ከዕድራችን ሦስት ሽማግሌዎች መርጬ ይዤ ሄድሁ።

ጸሐፊው የሦስቱንም ማኅደር አወጣ። «ለእርስዎ መታወቂያ ሲያወጡ ማን መሰከረ?» ብሎ የመጀመሪያውን ጠየቀ። ሽማግሌው በአገጩ ወደ እኔ ጠቆመ። ሁለተኛውም እንዲሁ። ሦስተኛው ጣሪያ ጣሪያውን ያይ ጀመር።

«እርስዎ ነዋሪ ካልሆኑ ፊርማዎም አይጸናም» አለኝና የሦስቱን መታወቂያ ሰብስቦ መሳቢያ ውስጥ ከተተ።

«ምነው ያን ቀን ባላወቅኸኝ» አለ አንደኛው ሽማግሌ፣ አግዳሚው ላይ ዘፍ እያለ።

ሌሎቻችንም አጠገቡ ተደርድረን ተቀመጥን። ጨነቀኝ። «የራስህንስ ማኅደር አይተኸዋል?» አልሁት ጸሐፊውን፣ እንዲያው አፌ እንዳመጣልኝ።

ፈገግ ብሎ ሊያሳየኝ ወደ መደርደሪያው ሄደ። ማኅደሩን ገልጦ የምስክሩን ፊርማ እያየ እዚያው ብዙ ቆየ።

ሲመለስ ከኪሱ የራሱን መታወቂያ አወጣ፤ ከሦስቱ ላይ ደረበና መሳቢያውን ቆለፈ። ከዚያ ወደ አግዳሚው መጣ።

«እስቲ ጠጋ በሉልኝ» አለን።