የገዥው ማርቸዲስ

በ1994 ዓ.ም. ሶዶ ከተማ አንድ ወሬ ብቻ ነበራት፤ የአቶ ኤርሳዶ ጥቁር ማርቸዲስ። ያ የድሮ የጌቶች መኪና ጋራዡ በር ላይ ቆሟል። ቀለሙ ፊት ያሳያል፤ ወንበሮቹ በቀይ ቆዳ ተለብጠዋል። አሮጌ መኪና የሚሰበስቡት አቶ ታምራት ቅዳሜ ከአዲስ አበባ መጥተው ሊገዙት ነው።

ኤርሳዶ ዘጠኝ ዓመት ለፍቶበታል። ቦምቤ ድረስ ወርዶ፣ ገደል ውስጥ የኖረ ጭርምትምት ያለ የመኪና አካል ገዝቶ በአይሱዙ አስጭኖ አምጥቷል። ሰዉ ለመለዋወጫ ነው አለ።

አንድ ግትር ጠባይ አለው። የአንዱን ደንበኛ ብሎን በሌላው መኪና ላይ አያስርም። የፈታውን ሁሉ በጆንያ አድርጎ ለባለቤቱ ያስቀምጣል፤ ባለቤቱ ዓመት ቢቆይም አይጥለውም። ሚስቱ አሳየሽ ጓሮ ያሉ ዶሮዎቿ ዘንድ የምትደርሰው በጆንያዎቹ መሃል እየተሽሎከለከች ነው። ዶሮዎቹ ግን ተመችቷቸዋል። የቤታቸው በር ጥርቅም ብሎ ስለሚዘጋ ሸለመጥማጥ ደፍሯቸው አያውቅም።

ሐሙስ ዕለት አቶ ጦና የሚባል የመንግሥት መሥሪያ ቤት ኃላፊ ደብዳቤ ይዞ መጣ። በንጉሡ ዘመን የአውራጃው ገዥ የነበራቸው ጥቁር ማርቸዲስ በደርግ ተወርሶ በመሥሪያ ቤቱ ግቢ ሲበሰብስ ኖሯል። በ1985 ኤርሳዶ ለጥገና ወስዶታል። የመንግሥት ንብረት ስለሆነ ይመልስ ይላል ደብዳቤው።

ኤርሳዶ የቃለ ሕይወት ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ነው፤ አይዋሽም። አዎ፣ ወስጃለሁ አለ። መለዋወጫ ግዙልኝ ብሎ ሰባት ጊዜ ጽፎ መልስ እንዳጣም ተናገረ።

«ታዲያ ይመልሳሉ?» አለ ጦና።

«ቅዳሜ ይምጡ። ምስክርም ይዘው ይምጡ።»

ሰፈርተኛው ተንጫጫ። ሲበሰብስ ያላዩት ሰዎች ሲያብረቀርቅ ዓይናቸው ተከፈተ! አሳየሽ ነገሩን ስትሰማ «ታዲያ ዶሮዎቼ የት ሊያድሩ ነው?» ብቻ አለች። ጎረቤቶቿ ድንጋጤ አእምሮዋን እንዳዛባው አምነው አዘኑላት።

ወንድሙ ዱባለ መኪናውን ዛሬውኑ ቦዲቲ ወስደን እንደብቀው ብሎ ለመነው። ኤርሳዶ በንዴት ደም ሥሩ ተገታተረ።

«እኔ ሌባ ነኝ እንዴ የምደበቀው? የላቤን ማንም አይወስድም። እዚሁ በሬ ላይ ይቆማል።»

ዓርብን ሙሉ መዶሻና ፌሮ ይዞ በግቢው ውስጥ ሲንጎራደድ ዋለ። ያዩት ሰዎች ወይ መኪናውን ያደቅቀዋል፣ ወይ ሰው ይፈነክታል ብለው ፈሩ። ዱባለ ከአጠገቡ አልተለየም።

ቅዳሜ አቶ ታምራት ቀድመው ደረሱ። ጦና ሁለት ዘበኞችና ሦስት ምስክሮች አስከትሎ ሲገባ እንግዳው ነገሩ ገባቸውና ወደ መኪናቸው ሊመለሱ ተነሡ። ኤርሳዶ ትንሽ እንዲታገሡት ጠየቃቸው። ከዚያ ወደ ጦና ዞረ።

«ርክክቡ በጽሑፍ ይሁን። የሻንሲ ቁጥሩን ከራሳችሁ መዝገብ ጻፉት። ሁለተኛ ምንም እንደማትጠይቁኝም ይጻፍ።»

ጦና ዓይኑን ከቀዩ ቆዳ ሳይነቅል ቁጥሩን ከመዝገቡ አስገልብጦ ፈረመ። ምስክሮቹም ፈረሙ። ማኅተሙ አረፈ። ኤርሳዶ ወረቀቱን ቀስ ብሎ አነበበና አጥፎ መጽሐፍ ቅዱሱ ውስጥ ከተተው። ከግድግዳው ምስማር ላይ የዛገ ቁልፍ አውርዶ ሰጠው።

ጦና ቁልፉን ጨብጦ ወደሚያብረቀርቀው መኪና ተራመደ።

«በዚህ በኩል ነው አቶ ጦና» አለ ኤርሳዶ፤ በጆንያዎቹ መሃልም፣ ዓርብ በፌሮ ያቆመውን አዲስ የዶሮ ቤት አልፎ፣ ወደ ጓሮ መራው።

አሳየሽ የመጨረሻዋን ዶሮ ከገዥው ማርቸዲስ የኋላ ወንበር ላይ እያስወጣች ነበር።