ጌታነሽ ግልቢያ ስትማር

አቶ ወዳጆ የልጃቸውን ሞት የሰሙት ራቤል ገበያ ላይ ነው። ከባድመ እያነከሰ የተመለሰ ወታደር ጥግ አስይዞ፣ «ልጅዎ ትዕዛዙ እጄ ላይ አለፈ» አላቸው።

«ለማንም እንዳትነግር» አሉት።

ሁዳዴ ገብቷል። የልጃቸው ሚስት ጌታነሽ የምትኖረው ከሳቸው ጋር ነው፤ መርዶውን እንድትሰማ የፈለጉት ጾሙ ከተፈታ በኋላ ነው። አንዲት ፋሲካ ሳታለቅስ ትዋል፤ ከዚያ ወዲያማ ዕድሜ ልኳን ታለቅስ የለም ወይ። እሳቸው እንደሆኑ ወንድ ናቸው፣ በሆዳቸው ያልቅሱ።

«ምነው ፊትዎ ጠቆረ አባባ?» አለቻቸው ማታ ሲገቡ።

«ብርዱ ነው።»

ብዙም ሳይቆይ ጌታነሽ ያልታሰበ ነገር አመጣች። «ዳማውን መጋለብ ያስተምሩኝ» አለች። ዳማው የትዕዛዙ ፈረስ ነው። ባሏን መንገድ ወጥታ ልትቀበለው አስባ ነው አሉ በልባቸው። እምቢ እንዳይሏት ምን ብለው?

«መቼ መቼ ይሁንልሽ?»

«በገበያ ቀን ቢሆን ይሻላል።»

ደስ አላቸው። ገበያ ካልወጣች ወሬ አትሰማም።

ከመንደሩ ርቀው ሜዳው ላይ ሲደርሱ ታለቅሳለች። ገና እርካቡን ሳትረግጥ እንባዋ ይቀድማል። ኮርቻው ላይ ከወጣች በኋላማ የፈረሱ አንገት ላይ ተደፍታ ትንሰቀሰቃለች። ዳማው እንደሆነ በግ ነው፣ ንቅንቅ አይልም።

«ምን አደረገሽ ልጄ?»

«እምቢ አለኝ አባባ። አልቻልኩም።»

«በንዴት ልጓም አይጎተትም፤ ላላ አድርጊው። ፈረስ የጋላቢውን ሆድ ያውቃል። ሲብስብሽ ውረጂና ግንባሩን ዳብሺው። አልቅሺ፣ ይውጣልሽ፤ ከዚያ ደግሞ ትወጫለሽ። ማን ያባርረናል?»

እስክትጨርስ ዞር ብለው ይቆማሉ። እውነቱን ካነሣን ለሳቸውም ተመችቷቸዋል። እሷ በፈረስ ተናዳ ስታነባ፣ እሳቸው ወደ ገደሉ ዞረው ጋቢያቸውን ዓይናቸው ላይ ያደርጋሉ። ብትጠይቃቸው ነፋስ ነው ይላሉ፤ የግሼ ነፋስ ሰበብ ለመሆን አይሰንፍም። እሷ ግን አንድ ቀን እንኳ ጠይቃቸው አታውቅም።

እቤት ስትሆን ሌላ ሰው ናት። ታጫውታቸዋለች፣ ብሉ ብሉ ትላቸዋለች። የጎረቤት ሴቶች ብቅ ሲሉ ቶሎ ብላ ወደ ጓሮ ይዛቸው ትወጣለች፤ አቶ ወዳጆም የሴት ወሬ ነው ብለው ይተዉታል። ምስኪን፣ ምንም አታውቅ እያሉ ያዝኑላታል።

ፋሲካ በሰላም አለፈ። ዳግማይ ትንሣኤም አለፈ። አቶ ወዳጆ ነገሩን ለነፍስ አባታቸው ሊነግሩና መርዶውን የሚያረዷት ሽማግሌዎች ሊያስመጡ ቆረጡ።

ሰኞ ጎህ ሲቀድ ግን በር ቢከፍቱ ሽማግሌዎቹ ደጃፉ ላይ ቆመዋል፤ ቄሱም አሉበት። ማን ነገራቸው? ወታደሩ አፉን አልጠበቀም ማለት ነው። ስትወድቅ ሊይዟት ወደ ውስጥ ተመለሱ።

ጌታነሽ ቆማ ነበር። መደቡ ላይ አጎዛ አንጥፋለች። ቀድማ ክንዳቸውን ያዘቻቸው።

«ይቀመጡ አባባ» አለች፤ «ለእርስዎ ነው ያስመጣኋቸው።»