የተቆለፈው ሺት

ከክፍላችን አንድ ሰው ይቀነሳል ተብሏል። ማን እንደሆነ ነጥብ ደምሮ የሚለየው የኤክሴል ማክሮ ነው። ፋይሉን የሠራው ጋሽ ይገረሙ መጀመሪያ ብቻውን ሲሞክረው በደንብ ሠርቶለት ነበር አሉ። ከዚያ ወዲህ ግን፣ ይኸው ሦስት ሳምንት፣ በተጫኑት ቁጥር «ሺቱ ተቆልፏል» እያለ ቀጥ ይላል። ጋሽ ይገረሙም «ፓስወርዱ ጠፋኝ» ብሎ አንገቱን ይደፋል። ጡረታ ሊወጣ ሁለት ወር ነው የቀረው፤ ጃጅቷል አልን።

ዛሬ ኃላፊያችን ሁላችን ፊት አፋጠጡት። «ይኼን ሁሉ ዓመት ምን ስትሠራ ኖርክ?»

«ቆይ ጋሼ፣ እኔ ልሞክረው» ብዬ ወንበሩን ሳብኩ።

እጄን ያዘኝ። «ተዪው ልጄ። በእናትሽ ተዪው።»

ኃላፊው ቆመው እያዩኝ እንዴት እተወዋለሁ? እጁን አስለቀቅኩና የተቆለፈውን ሺት እንዳለ ኮፒ አድርጌ ባዶ ሺት ላይ ለጠፍኩት። ማክሮውንም ወደ አዲሱ አዞርኩት። አምስት ደቂቃ አልፈጀብኝም።

«አየህ ጋሼ? በሩ ቢቆለፍ በጎን ይገባል» ብዬ ሳቅኩበት። ቢሮው ሁሉ አብሮኝ ሳቀ።

ተጫንኩት። ማክሮው የሠላሳ ሁለታችንን ነጥብ አበጥሮ አንድ ስም እስከ አያት አወጣ።

የእኔን።

ጋሽ ይገረሙ መነጽሩን አውልቆ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ።

ኃላፊያችን ትከሻዬን ቸብ ቸብ አደረጉ። «እጅሽ ይባረክ። በይ አትሚውና አምጪልኝ።»